የእማዬ ክኒን የማን እጅ ነው?

የላሊበላ ሰው «ማን ሠራው?» ከሚለው ጥያቄ ሌላ ጥያቄ አያውቅም። እውነቴን ነው! የሌላ አገር ሰው ዕቃ ሲገዛ ዋጋውን ይጠይቃል፤ እኛ ግን ሠሪውን ነው የምንጠይቀው። ምናልባት ከዓለም ዳርቻ የሚመጣው ቱሪስት ሁሉ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «ይህን ማን ሠራው?» ሲል እየሰማን ስላደግን ይሆናል። ወይም እሱ ራሱ ከእኛ ተምሮ ይሆናል... ብቻ ጥያቄው አየሩ ውስጥ አለ። ጋቢ ቢሆን «የማን እጅ ነው?»፣ ጠላ ቢሆን «የማን እጅ ነው?»፣ በርበሬ ቢሆን ያው። የሠራው እጅ ካልታወቀ ዕቃው የተሰረቀ ያህል ነው የሚታየው።

ስለ ከተማው ጠባይ ለማንበብ ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። እናንተ የምትፈልጉት የቤቴን ጉድ ነው። እሺ፣ ወደ እማዬ እንሂድ።

እማዬ ማር ነጋዴ ናት። ቅዳሜ ገበያ ላይ «እት ጥሩዬ» ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ያሳያችኋል። የምትታወቀው በምትሸጠው ማር ሳይሆን በምላሷ ነው። ገበሬው ማሩን ይዞ ሲመጣ ትንሿን ጣቷን ነከር ታደርግና ትልሳለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከዚያ «ይኼ የእንትና ማር ነው፤ ዘንድሮ ቀፎውን ወደ ወንዙ አውርዶታል» ትላለች። ገበሬው አፉን ይከፍታል። አንዳንዴ ትሳሳታለች። ስትሳሳት የተሳሳተችው ግን ንቧ ናት።

ይህች ሴት ደም ግፊት አለባት። ሐኪም በየቀኑ አንድ ክኒን እንድትውጥ አዟታል፤ እሷም ያለ ክርክር ስትውጥ ኖራለች። ክኒኑ ነጭ፣ ትንሽ፣ ክብ ነበር። ከመልመዷ የተነሳ «ነጩ ልጄ» ትለው ነበር። እኔን እንኳ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም... እኔ ጠይም ስለሆንኩ ይሆናል።

ታዲያ አንድ ቀን ነጩ ልጅ ጠፋ። መድኃኒት ቤት ሄጄ የታዘዘላትን ሳመጣ በትንሿ ላስቲክ ውስጥ ያለው ክኒን መልኩ ወደ ሮዝ ያደላ ነው። እማዬ አንዱን አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችና እንግዳ ሰው እንደምታይ አየችው።

«ይኼ የማን እጅ ነው?»

«ያው ነው እማዬ። መድኃኒቱ ያው ነው ብለውኛል።»

«ማርም ያው ማር ነው። ንቡን ስኳር የሚያበላውም ‹ያው ነው› ብሎ ነው የሚሸጥልኝ።»

ከዚያ... ላሰችው። አዎ፣ የግፊት ክኒኑን ላሰችው! ዓይኗን ጨፈነች።

«ቆላ ነው» አለች። «ዝናብ አያውቅም። የሠራው ሰውም ችኩል ነው።»

ክኒኑን ወደ ላስቲኩ መለሰችው፤ ላስቲኩን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ሣጥኑን ቆለፈችው። ሠሪው እስኪታወቅ ድረስ አንድም ፍሬ እንደማትውጥ በእመቤታችን ስም ማለች። እማዬ በእመቤታችን ከማለች በኋላ መንግሥትም አይመልሳት።

እናንተ ትስቁ ይሆናል። እኔም እስቅ ነበር፣ አጠገባችን አያ መኮንን ባይኖሩ ኖሮ። አያ መኮንን ጎረቤታችን ናቸው። «ደህና ነኝ እኮ» ብለው የግፊት ክኒናቸውን የተዉ ሰሞን ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አላቸው፤ እስከ ዛሬ ስኒ የሚይዙት በግራ እጃቸው ነው። ጠዋት ጠዋት በአጥራችን ሲያልፉ ቀኝ እጃቸው የሌላ ሰው ይመስል ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሎ አያለሁ። ስለዚህ ሳቄን ዋጥኩት። እማዬ ክኒኗን አልዋጠችም፣ እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

«ሂጂና ጠይቂ» አለችኝ፤ ለማሳያም አንድ ፍሬ ከሣጥኑ አውጥታ ሰጠችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኔ ጨው ለመግዛት ሱቅ ደጃፍ ሌላ ጨው ገዢ እስኪመጣ የምቆም ሰው ነኝ። እሱ «ጨው» ሲል «ለእኔም» እላለሁ። ትምህርቴን ከአንደኛ ደረጃ ያላሳለፍኩት እጄን አውጥቼ መናገር ስለማልወድ ነው ቢባል ብዙ ውሸት የለውም። መናገር ብችል ኖሮ ደግሞ ይህን ጽፌ አላስጨንቃችሁም ነበር።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ደሳለው ይባላል። ነጭ ካፖርት ስለሚለብስ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ «ፋርማሲስት ነኝ» እያለ ቢያስተካክልም የሚሰማው የለም። ሄድኩና ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ላለችው ሴት ተራዬን ሰጠሁ። ለሚቀጥለውም ሰጠሁ። ሰው አልቆ እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ማምለጫ የለም።

«ምን ልታዘዝ?» አለኝ።

«ማን ሠራው?» አልኩት።

«ምኑን?»

ለማሳየት ይዤው የመጣሁትን ክኒን ልሰጠው መዳፌን ከፈትኩ። ክኒኑ የለም! ስሰለፍ ያላበኝ ላብ አሟሙቶት መዳፌ ላይ ሮዝ ቀለም ብቻ ቀርቷል። ደሳለው መዳፌን አየ፤ ፊቴን አየ።

«ይኼን... እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ፤ ለምን እንዳልኩት ዛሬም አላውቅም።

አልሳቀም። ደግ ሰው ነው። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ ጊዜ አለን» አለ። ቀስ ብዬ ነገርኩት። የእማዬን መሐላ ስነግረው ትንሽ አሰበና ከላስቲክ ሌላ ክኒን አውጥቶ ብርሃን ላይ ያዘልኝ።

«አየሽ፣ መድኃኒቱ አንድ ነው። የሚሠሩት ፋብሪካዎች ግን ብዙ ናቸው። ዋናው ነገር ያው ሆኖ ማያያዣውን፣ ቀለሙን፣ ቅርጹን እያንዳንዱ እንደፈለገ ያደርጋል። ይኼ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ነው፤ ለእኛም አዲስ ነው።»

«የፋብሪካው ስም?»

«ክኒኑ የመጣበት ትልቁ የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ነበር የተጻፈው። ዕቃው ባዶ ሲሆን ሰው ለምኖኝ ሰጠሁት። ስሙን በደንብ አልያዝኩትም፣ ረጅም ነው። ግን ክኒኑ ላይ ፊደል አለ፤ እሱ የፋብሪካው ምልክት ነው። ከወልድያ አዲስ ዕቃ ሲመጣልን አሳይሻለሁ።»

አመስግኜ ወጣሁ። በር ላይ ደርሼ ስመለስ ረሳሁት የምለው ነገር አልነበረኝም፤ ስለዚህ እንደገና አመሰገንኩት።

ለእማዬ «ፊደል አለው» ስላት «እንግዲያውስ የሚያነብ ሰው ፈልጊ» አለች። እኔ ኤቢሲዲን አውቃለሁ፤ ግን አንድ ፊደል ብቻውን ቆሞ ሲገኝ ምን ሊነግረኝ ይችላል? ወደ ካሳሁን ሄድኩ። ካሳሁን የሰፈራችን አስጎብኚ ነው። እንግሊዝኛም ሌላም ይናገራል። በዚህ ሰሞን እንግዳ ስለቀነሰ የሚያስጎበኘው ቸግሮት በየቀኑ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው «የት ነው?» እያለ ይጠይቃል።

እማዬ ከሣጥኑ ያወጣችልኝን ሌላ ክኒን ሰጠሁት። ክብሪት ሣጥን ላይ አስቀመጠው፤ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደ፤ እጁን ዘረጋ።

«እንደምታዩት» አለ፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ «እንደምታዩት ቅርጹ ክብ ነው። ክብ መሆኑ መጀመሪያም መጨረሻም እንደሌለው ያሳያል።»

«እሺ።»

«በመሃሉ ያለው መስመር ብሉይና ሐዲስ ኪዳንን ይለያል። ወደ ግራ ጠጋ በሉ፣ ከዚህ በደንብ ይታያል።»

ወደ ግራ ጠጋ አልኩ።

«ፊደሉስ?» አልኩት።

«ፊደሉ የላቲን ነው። ስለ ፊደሉ ሊቃውንት ብዙ ብለዋል።»

«ማን ሠራው?»

ካሳሁን ዕድሜውን ሙሉ ይህን ጥያቄ ከየአገሩ ሰው ሲጠየቅ የኖረ ሰው ነው። አንድም ቀን «አላውቅም» ብሎ አያውቅም፤ ሥራው አይፈቅድለትም። ክኒኑን ረጅም ጊዜ አየው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«በአንድ ቀን የተሠራ አይደለም» አለኝ።

ይህንኑ ለእማዬ አደረስኩላት። ብሉይና ሐዲስ የሚለው ደስ አላት፤ አንዴ አማተበች። ከዚያ ግን «እኔ የጠየቅሁት ሠሪውን ነው» አለችና ቁም ሣጥኑን እንደተቆለፈ ተወችው።

ሰንበትበት ሲል እማዬ ራሷን እያመማት ግንባሯን መያዝ ጀመረች። ገበያ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ስትጨፍን ገበሬዎቹ ማር እየቀመሰች ይመስላቸዋል፤ አፏ ውስጥ ምንም እንደሌለ የማውቀው እኔ ነኝ። ለምኜ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቅልላ ነፋች፤ አየች፤ ያየችውን ስላላመነች ደግማ ነፋች።

«እናቴ፣ ይኼ ከፍተኛ ነው! መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ እንጂ! በየወሩ ነው የምወስደው።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የወጣ?»

እኔ ወለሉን አየሁ። እማዬ አልዋሸችም፤ በየወሩ ከመድኃኒት ቤት ትወስዳለች፤ ወስዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፋለች። ነርሷ «ያልዋጡት ቀን አለ?» ብላ ብትጠይቃት እውነቱን ትነግራት ነበር፤ ግን ማንም እንዲህ አድርጎ አይጠይቅም።

ስንመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ እማዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ትንሽ ልረፍ» አለች። «ጭንቅላቴ ውስጥ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ያለ ይመስለኛል።» እማዬ ዳገት ላይ ስታርፍ አይቼ አላውቅም። ነጠላዋን አስተካከልኩላት። አያ መኮንን ከላይ በኩል ሲወርዱ አዩንና በግራ እጃቸው ሰላምታ ሰጡን። እማዬ አላየቻቸውም፤ ዓይኗ ተጨፍኖ ነበር። እኔ ግን አየሁ፤ ስላየሁም ከዚያ ቀን በኋላ ማፈር አልቻልኩም።

በነጋታው ለማንም ተራዬን ሳልሰጥ ደሳለው ፊት ቆምኩ። «ያን ባዶ ዕቃ ማን ወሰደው?» አልኩት። ድምፄ ከእኔ መውጣቱን ራሴው ተጠራጠርኩ።

ደሳለው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «በገበያ ቀን የመጣች አንዲት እናት ናት። ‹ክዳኑ ሸጋ ነው፣ ልጄ በሞቴ› ብላ ለመነችኝ፣ ሰጠኋት። ማር የምትሸጥ ይመስለኛል፤ የከፈለችኝ ብር ጣቴ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር።»

ላሊበላ ውስጥ ማር የምትሸጥ ሴት ብዙ ናት። መድኃኒት ቤት ገብታ ባዶ ዕቃ በሞቴ ብላ የምትለምን ግን አንዲት ብቻ ናት። ለደሳለው ምንም አላልኩትም። ቤት እስክደርስ ሮጥኩ።

«እማዬ! ከመድኃኒት ቤት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ወስደሻል?»

«አዎ ወስጃለሁ። ክዳኑ እንዴት ይገጥማል መሰለሽ! የሚቀመሰውን ማር ገበያ የምወስደው በእሱ ነው።»

ዕቃውን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ነጭ ነው። ንጹሕ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ፊደል የለበትም፤ ያበራል።

«ወረቀት ተለጥፎበት ነበር?»

«ነበረ። የኔ ማር ላይ የማንንም ስም ለጥፌ ልሽጥ እንዴ? በፍል ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ በአመድ አሸሁት፣ እንዲህ ወለል አደረግሁት።»

«እማዬ... የምንፈልገው ስም እኮ እሱ ላይ ነበር! የክኒኑ ሠሪ!»

እማዬ ዕቃውን አየችው። እኔን አየችኝ።

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?» አለች።

ከዚህ በኋላ ያለን ተስፋ ከወልድያ የሚመጣው ዕቃ ብቻ ሆነ። መኪናው ጋሸና ላይ ተበላሸ ተባለ። ተሠራ ተባለ። ሾፌሩ ምሳ እየበላ ነው ተባለ። ያ ሾፌር ምን ዓይነት ምሳ እንደበላ አላውቅም፤ ሁለት ቀን ፈጀበት። እኔም በነዚህ ቀናት «መጣ?» ለማለት መድኃኒት ቤት እመላለስ ነበር። ጠዋትም ከሰዓትም። «ጠዋት እንዳልመጣ ከተነገረሽ ከሰዓት ለምን ሄድሽ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። ለእናት ጤና የሚከፈል ነገር አይቆጠርም። ነጠላዬንም ቀይሬ የምሄደው ለጤናዋ ብዬ ነው።

በመጨረሻ ደሳለው ራሱ መጣ። ሥራ ሲጨርስ አዲሱን ዕቃ ካፖርቱ ሥር ይዞ ቤታችን ድረስ! በር ላይ ሳየው እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። አንዱን ከጀርባዬ አደረግሁት፣ አንዱ በሩን ይዞ ቀረ፤ ሰውዬው የሚገባበት ቦታ አጣ።

እማዬ «ልጁን አሳልፊው እንጂ!» አለች።

ተቀመጠ። ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እማማ፣ ይኸው እንደፈለጉት ሠሪውን ይዤልዎት መጣሁ» አለና የፋብሪካውን ስም አነበበ። ስሙ ረጅም ነው። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሁለቱ ጊዜ አንድ አይመስልም ነበር። ከተማውንም አገሩንም አነበበ። እዚህ የማልጽፍላችሁ ምስጢር ሆኖብኝ አይደለም፤ ያን ጊዜ የማየው አንባቢውን ስለነበር ነው።

እማዬ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

«ሰው አይደለም እማማ፣ ፋብሪካ ነው።»

«ፋብሪካውን የሚያዝ ሰው የለም?»

«አለ እንጂ...»

«አግብቷል?»

«እሱን... አልጻፉትም።»

«ቤቱን አይተኸዋል?»

«ባሕር ማዶ እኮ ነው እማማ!»

«ታዲያ የማታውቀውን ሰው ስም ነግረኸኝ ዋጪ ትለኛለህ? ስምማ እኔም አወጣለሁ።»

ደሳለው ላቡን ጠረገ። ዕቃውን ወደ እሷ አዞረ። «እሺ ይኼን ይዩ። ይኼ የተሠራበት ቀን ነው። ይኼ ደግሞ የሚያልፍበት ቀን።»

«ያልፍበታል?» አለች እማዬ። «ማር አያልፍበትም።»

እንግዲህ አስቡት። ሠሪውን ለማወቅ ስንት ደጅ ረገጥን፤ ስሙ ተገኘ፤ አገሩ ተገኘ፤ እማዬ ግን እንደ ድሮዋ ናት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሷ ስም አይደለም የምትፈልገው። ማር ሲመጣላት ማሩ ቢከፋ ሄዳ የምትጮህበት ደጃፍ ታውቃለች። ክኒኑ ቢከፋ ባሕር ማዶ ማን ደጃፍ ላይ ትጮህ? ይህን ተረድቼ ምን እንደሚደረግ ግን አላወቅሁም። የእማዬ ግራ ዓይን ሥር ያለችው ሥር ትር ትር ስትል ከበሩ ላይ ሆኜ ይታየኛል።

ደሳለው ሊነሳ ዕቃውን አቀፈ። እማዬ «ቆይ» አለችው።

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር በሁለት ቦታ ነው የሚጠየቅ፤ በሬ ሲገዛና ጋብቻ ሲታሰብ። በቤታችን የሚሸጥ በሬ አልነበረም። ፊቴ ሲግል ተሰማኝና ወደ ጓዳ ዞርኩ፤ ጆሮዬን ግን እዚያው ተውኩት።

«የሙጃ ልጅ ነኝ፤ አባቴ አያሌው ይባላል።»

«አያሌው የማን?»

«አያሌው ፈንታ።»

ዘር እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሰዎች እንዲጋቡ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከሰባት በታች ከተገናኙ ወንድምና እህት ናቸው፤ ነገሩ ያበቃል። እኔ ጓዳ ውስጥ ጣቴን ዘርግቼ ከእማዬ ጋር እቆጥራለሁ። ደሳለው፣ አያሌው፣ ፈንታ... በልቤ «ሂጂ፣ እለፊ፣ እለፊ» እላታለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አታፋጥጡኝ።

«ፈንታስ የማን?»

«ፈንታ አድማሱ። አድማሱ ግን የሙጃ ሰው አይደለም፣ አግብቶ ነው እዚያ የቀረ። ከኮን ነው የመጣ።»

«ከኮን?» የእማዬ ድምፅ ተለወጠ። የእናቷ አገር ኮን ነው። «አድማሱ የማን?»

ደሳለው ትንሽ አሰበ። እንዳያስታውስ ጸለይኩ። የሰው ልጅ አራት ቤት ካስታወሰ አይበቃውም?

«አድማሱ... ረዳ» አለ።

«ረዳ ባለ ንቡ?»

«ቀፎ ነበረው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እማዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ዳገት ላይ ያረፈችው ሴት ዘላ ተነሳች! «ኧረ የኔ ጌታ! ረዳ እኮ የእናቴ አያት ነው! የአድማሱ እህት አይደለች እንዴ አያቴ! አንተ ልጅ፣ የኛው ነህ እኮ! ምነው ይህን መጀመሪያ ሳትነግረኝ?»

«መቼ ጠየቁኝ እማማ?» አለ ደሳለው ግራ ገብቶት።

«ይህን ክኒን በእጅህ ቆጥረህ የሰጠኸን አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቢከፋስ?»

«እኔን ይጠይቁኛላ። የት እሄዳለሁ?»

«በቃ!» አለች እማዬ። ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች፤ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ ከላስቲኩ አንድ ሮዝ ክኒን አንስታ በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጠችው። አልላሰችውም። ዓይኗንም አልጨፈነችም። «የዘመድ እጅ ነው» አለች። ደሳለው፣ እስካሁን ያልዋጠችውን ለማካካስ ብላ ሌላ እንዳትደግም እጇን ያዘ፤ «በቀን አንድ ብቻ ነው እማማ!»

እኔ ጓዳ ውስጥ እንባዬ መጣ። ስለ እማዬ ደስ ብሎኝ ነው። በአብዛኛው።

«የት አለሽ አንቺ!» ስትል ሰማኋት። «ነይ ውጪና ወንድምሽን ሳሚ!»

ወጣሁ። ወንድሜን ሳምኩ። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ደጋግሜ፣ ዘመድ እንደሚሳመው። ደሳለው በጣም ደስ ብሎት «እኔ እኮ እህት አልነበረኝም» አለኝ። እኔም «እንኳን አገኘህ» አልኩት። ይህን ያህል ረጅም ነገር ሳልንተባተብ የነገርኩት ያን ጊዜ ነው።

ይኸው እማዬ ክኒኗን ቀን ሳታጓድል ትውጣለች። ገበያ ላይ ለሚያልፈው ሁሉ «የኛ ልጅ ክኒን» እያለች ስለምታወራ ጉልበቱን የሚያመውም፣ ጥርሱን የሚያመውም መድኃኒት ቤት ሄዶ «እት ጥሩዬ የምትውጠውን ሮዙን» ይላል። ደሳለው «እሱ የግፊት ነው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም» እያለ ሲያስረዳ ይውላል። መጥቶም ለእኔ ያማርራል። እህት ለዚህ ነው።

በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መለኪያውን ይዞ ይመጣል፤ ለዘመዱ። ያለፈው እሑድ የእማዬን ክንድ ጠቅልሎ ለካና ፊቱ በራ። «ወርዷል እማማ! በጣም ጥሩ ነው!» እማዬም ራሷ ያወረደችው ያህል ኮራች። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ደሳለው መለኪያውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

«እስቲ እህቴ፣ አንቺንም ልለካሽ?»

ክንዴን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት። ማሽኑ ዘር አይቆጥርም፤ ያገኘውን ነው የሚናገረው።